በጣሪያው ቀዳዳ የወረደው መቀነት

ይህን ታሪክ በመንደራችን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሰልቢናዝን ዕድል ያማርራል። ዕድል ምን አጠፋ? አፍ የለው፣ አይመልስ፤ ያገኘ ሁሉ ይጭንበታል። እኔ ሰናም የወንድሟ ሚስት ነኝ። አንድ ጣሪያ ስር ኖረናል፣ ከአንድ ማዕድ ቆርሰናል። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰምታችሁ ስታበቁ ብትረግሙኝ አልቀየምም፤ ብቻ መጀመሪያ ስሙኝ።

ባሌ ጀቫድ የሞተው ወይኑ መብሰል በሚጀምርበት ወር ነው። የአማቴን የመሽሃዲ ሙርቱዛን የወይን ቦታ የሚያጠጣው ውሃ ከሳሃንድ ተራራ ስር፣ በመሬት ውስጥ ተቦርቡሮ በተሠራ መንገድ ይመጣል። ደለል ሲሞላው ሰው በገመድ ጉድጓድ ወርዶ ይጠርገዋል። የባለርስት ልጅ እዚያ ምን አወረደው ትሉ ይሆናል። ጀቫድ እንዲያ ነበር፤ ሌላው ሲለፋ ቆሞ ማየት ያሳፍረው ነበር። ላይ ሆኖ የገመዱን መዘውር የያዘው የጉድጓድ ቆፋሪው ልጅ ሙርሰል ነው። ገመዱ ተበጠሰ። ጀቫድን በቃሬዛ አመጡልኝ። ሙርሰልም ገመዱን እይዛለሁ ብሎ ሲወረወር መዘውሩ ተገንድሶ ወደቀበት፤ ታብሪዝ ወስደው ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

በሃያ አራት ዓመቴ ጥቁር ለበስኩ። ሙርሰል በአንድ እግሩ መትረፉን የነገሩኝ ቀን ምን እንዳልኩ ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አስታውሰዋለሁ። «ሁለቱንም እግሩን ይዞ በሞተ» ነው ያልኩት።

ሰልቢናዝና ሙርሰል ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ይፋቀሩ ነበር። ሲጀምሩ በዓይን ነው፤ ውሃ ስትቀዳ እሱ በዚያ በኩል የሚያልፍበት ጉዳይ አያጣም። በኋላ ደብዳቤ ሆነ። ደብዳቤውን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ የሰው ፍቅር ያስቀኝ ነበር፤ ባሌ በሕይወት ነበራ! አማቴ ነገሩን ጠረጠሩና አንድ ቀን ራት ላይ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ከመሬት በታች የሚውል ሰው ልጄን ከመሬት በላይ አያኖራትም» ብለው ዘጉት። ጀቫድ ከሞተ ወዲህማ የሙርሰል ስም በዚያ ቤት የሚነሳ አልሆነም። ለሰልቢናዝ የታሰበላት የአጎቷ ልጅ ቃድር ነው። መሬት አለው፣ ጤና አለው፣ አፉ ጨዋ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ማውራት ይቀለኝ ነበር።

በእኛ አገር ዘመን የሚለወጠው የክረምቱ በረዶ ሲቀልጥ ነው። ለዘመን መለወጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የመንደሩ ሽማግሌዎች መጥተው ጥቁራችንን አስወለቁን። ለሰልቢናዝ ቀይ ሻሽ፣ ለእኔ አረንጓዴ። «በቃ ልጆቼ፣ ከሞተ ጋር አይሞትም» አሉን። እኔ ጥቁሩን ከራሴ ላይ አወለቅሁት እንጂ ከሆዴ አላወጣሁትም። ሰልቢናዝ ግን ያን ዕለት ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ እህት የላትም፤ «ባጂ» የምትለው እኔን ብቻ ነው።

«ባጂ፣ ሐዘናችን ተነሳ። መቀነት ሊወርድ ይችላል ማለት ነው፣ አይደል?»

ሐዘን ባለበት ቤት መቀነት አይወርድም። በሌላው ቤት ግን የዓመቱ የመጨረሻ ማክሰኞ ጀምበር ስትጠልቅ ጎረምሶች እሳት ዘለው ሲያበቁ በየጣሪያው ይወጣሉ፤ ከወገባቸው የሱፍ መቀነታቸውን ፈትተው በጢስ መውጫው ቀዳዳ ወደ ቤት ያወርዳሉ። ላይ ያለው አይናገርም፣ ታች ያለው ሽቅብ አያይም። ቀይ እንቁላል፣ ዘቢብ ወይም ካልሲ ይቋጠርለትና ይጎትተዋል። ያፈቀረ ሰው ሲያወርድ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ የገዛ ጌጧን ከቋጠረችበት ታጨች፤ አባትም ቢሆን አይፈታውም።

ደብዳቤውን ጽፋ አነበበችልኝ። «ሙርሰል፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍክልኝም። እግርህን አፍረህ ከሆነ፣ እኔ እግርህን አይቼ አልወደድኩህም። በጀቫድ ከሆነ፣ ወንድሜ ነው፣ አልቅሼለታለሁ፤ ለአንተም አልቅሻለሁ። ማክሰኞ የሠራሁልህን መቀነት አውርድ። የእናቴን አምባር እቋጥርበታለሁ። ከዚያ በኋላ አባባ ቢቆጡም ቋጠሮ ቋጠሮ ነው። ካልመጣህ ግን ለቃድር ይሰጡኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ።»

በማግስቱ ይዤለት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ክራንቹን ከግድግዳ አስደግፎ ቅርጫት ይጎነጉናል። ወረቀቱን ገልጦ ሲያነብ ፊቱ በራ። ያን ሁሉ ወር የተኮማተረው ፊት እንደ ሕፃን ፊት ሆነ። እኔ ደግሞ ያን አየሁና አልቻልኩም። በእኔ ቤት የጠፋው መብራት በእሱ ቤት ሊበራ ነው ብዬ ሆዴ ነደደ።

«ጀቫድን ባወረድክበት እጅ ነው እሷንም የምትይዛት?» አልኩት። «ስትወድቅስ? በአንዷ እግርህ ሮጠህ ልታነሳት ነው?»

ቅርጫቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። «ሰናም፣ አውፍ አላልሽኝም፣ ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው?»

«ሂድና ጀቫድን ጠይቀው።»

ደብዳቤውን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «መቀነቱ ይወርዳል በያት» አለኝ። ከዚያ ግቢ ስወጣ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ሰልቢናዝ ቤቱን ሁለቴ ጠረገች። ለዘመን መለወጫ በሳህን ያበቀልነውን የስንዴ ቡቃያ ወገቡን በቀይ ጥብጣብ አሰረችው፣ እንቁላሉን እንዲቀላ በሽንኩርት ልጣጭ ቀቀለችው፣ እኔን ደግሞ መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ።

«ባጂ፣ ሻሹ ያምርብኛል?»

«ያምርብሻል አልኩሽ እኮ!»

«ሳታዪኝ ነዋ ያልሽው። ዓይንሽ ድስቱ ላይ ነው።»

«ሩዙ ያርብኛላ! አንቺ ፍቅር ጠግበሻል፣ እኛ ግን ራት እንበላለን።»

ሳቀችና ከኋላዬ መጥታ ወገቤን አቀፈችኝ። «አባባ የተቆጡኝ እንደሆነ ከጎኔ ትቆሚያለሽ አይደል?» አለችኝ። «እቆማለሁ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ በዚያች ደቂቃ የምቆም መስሎኝ ነበር።

ጀምበር ስትጠልቅ ውጭ እሳት ተለኮሰ፤ የሚዘሉት ጎረምሶች ጩኸት ቤቱን ሞላው። አማቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቃል የሚወጣቸው በስንት ጉትጎታ ነው፤ ምግብማ እንደ ሕፃን ለምነናቸው ነው የሚቀምሱት። የመጀመሪያው መቀነት ወረደ፣ እንቁላል ቋጠርንለት። ሁለተኛው ወረደ፣ ዘቢብ። ሦስተኛው ቀይና ቢጫ ነበር። ሰልቢናዝ አወቀችው። እኔም አወቅሁት፤ ጫፉ ላይ ቀይ ክር አልቆባት በሰማያዊ የጨረሰችው፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከአባቷ ተደብቃ የሠራችው መቀነት ነው።

ሽቅብ አይታይም፤ ደንቡ ነው። አማቴ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ሰልቢናዝም ደፍታለች። እኔ ግን ቀና አልኩ። ያ ሰው በአንድ እግሩ ጣሪያ ላይ ሲንገዳገድ ማየት ፈልጌ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በቀዳዳው የእሳቱ ብርሃን ይገባል። በብርሃኑ ውስጥ ሁለት ቦት ጫማ አየሁ። ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ሁለት ደህና እግሮች።

ሰልቢናዝ አምባሩን ከእጇ ለማውጣት እየታገለች ነው። ጠባብ ነበር፤ በምራቋ አርጥባ ነው ያወጣችው። ስለዚህ ጊዜ ነበረኝ። «ቆዪ» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ሙርሰል በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው እንደላከ ገባኝ። ማን እንደሆነም ልቤ ነገረኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ ደስ አለኝ። ይኸው ተናገርኩት፣ ደስ አለኝ።

አምባሩን ቋጠረች፣ አጠበቀች፣ መቀነቱን ሁለቴ ሳብ አደረገችው። ወደ ላይ ወጣ። እሷ አባቷ እግር ስር ተንበረከከች።

«አባባ፣ አምባሬን ቋጠርኩ።»

አማቴ ቀና አሉ። «ለማን?»

«መቀነቱን ለሠራሁለት ሰው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱና ወጡ። ሰልቢናዝ እጄን ያዘች። ዱላ ልንሰማ ጆሯችንን አቆምን። የሰማነው ግን ሳቅ ነው። የአማቴን ሳቅ፣ ስምንት ወር ከዚያ ቤት የጠፋውን።

«ባጂ! እየሳቁ ነው!» እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «አባባ ሙርሰልን አይተው እየሳቁ ነው! ባጂ፣ ታረቁ እኮ!»

እንደዚያ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊትም አላየሁ፣ ከዚያ በኋላም አላየሁ። በሩ ተከፈተ። አማቴ የወንድማቸውን ልጅ ቃድርን ትከሻውን አቅፈው ገቡ። አምባሩ በቃድር መዳፍ ላይ ነው። የሰልቢናዝ እጅ ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ባዶ መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት፣ ምን እንደምጠርግ ግን አላወቅሁም።

ዘመኑ ዓርብ ጠዋት ተለወጠ። ሬዲዮው የዘመን መለወጫውን መድፍ ሲያሰማ ተሳሳምን። አማቴ ሁለት እንቁላል በሉ። ሦስተኛውን ልጠው «ሰናም፣ ልጄ፣ ጨው አቀብዪኝ» አሉ። ጨው የጠየቀ ሰው ሊኖር አስቧል ማለት ነው። ሰልቢናዝም ሰማች። ዓይኗን ከአባቷ አፍ ላይ ሳትነቅል አንድ ጊዜ ብቻ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ከልቅሶ የባሰ ነበር።

ቅዳሜ ቃድር ጣፋጭ ይዞ ሲመጣ ደጅ ላይ ጠብቃ ያዘችው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ።

«መቀነቱን ከየት አገኘኸው?»

ቃድር አንገቱን ደፋ። «ከባለቤቱ። በክራንች ደጄ ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ‹እሷን አንተ ብትይዛት ይሻላል› አለኝ። ሰልቢ፣ ሰርቄው ቢሆን ዓይንሽን አላይም ነበር። ሲሰጠኝ ግን እንዴት እንቢ ልበል? እኔም እወድሻለሁ'ኮ።»

አልሰደበችውም። ወደ እኔ ዞራ «ልብስሽን ልበሺ፣ ሙርሰል ጋ እንሄዳለን» አለችኝ። በዘመን መለወጫ ሳምንት የተጣላ ይታረቃል፤ ማንም የማንን ደጃፍ ቢረግጥ ለምን ሄድክ አይባልም። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ሽማግሌዎች የልጅቷን እሺታ ሊጠይቁ ለሻይ እስኪመጡ ድረስ የመቀነቱ ባለቤት ፊታቸው ቆሞ «መቀነቱ የኔ ነው» ካለ ቋጠሮው የእሱ ይሆናል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ እየደጋገመች ሄደች። «አንድ ቃል ነው ባጂ። ሙርሰል አንድ ቃል አይነፍገኝም።»

እናቱ ለጥየቃ ወጥተው ብቻውን ነበር። እሷን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና ክራንቹ አመለጠው። አንስታ ሰጠችው።

«እንኳን አደረሰህ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«ወደ ቃድር ቤት ያን ሁሉ ዳገት ወጣህ አሉ። ወደ እኔ ሲሆን እምቢ ያለህ እግር፣ እኔን አሳልፎ ለመስጠት ሲሆን እሺ አለህ?»

«ሰልቢናዝ፣ እዪኝ። በደንብ እዪኝ። እንጨት አልፈልጥልሽ፣ ወይን አልቆፍርልሽ…»

«ማን ፈላጭ ፈለገ? ፈላጭ ከገበያ ይገኛል! እኔ ሁለት ዓመት ደብዳቤ የጻፍኩት ለመጥረቢያ ነው?»

«ወንድምሽ በእጄ ላይ ነው የሞተው።»

«በገመድ ነው የሞተው!»

«ጀቫድን ባወረድኩበት እጅ እንዴት አድርጌ ልያዝሽ? ስትወድቂስ? በአንድ እግሬ ሮጬ ላነሳሽ ነው?»

ሰልቢናዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። «ይሄ ያንተ አነጋገር አይደለም። የሙርሰልን ቃል አውቀዋለሁ፣ ሁለት ዓመት አንብቤዋለሁ። ማነው ይሄን የነገረህ?»

ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ያዋርደኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ዓይኑን መለሰና «ማንም አልነገረኝም። የራሴ ሐሳብ ነው» አላት። የምጠላው ሰው ሸፈነኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ ችዬው እሄድ ነበር፤ መሸፈኑ ግን አንገበገበኝ።

«እሺ፣ ያንተ ይሁን» አለች ሰልቢናዝ። «አልቆጣህም። ተንበርክኪ ካልከኝ እንበረከካለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ቃል በልልኝ። ‹የኔ ነው› በል። ሙርሰል፣ እኔ ያንተ አይደለሁም?»

ሰውየው አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ፊቱን እንኳ አልሸፈነም።

«ሰናም አውፍ ትበለኝ» አለ። «የጀቫድ ሚስት ፊቴ ቆማ አውፍ ብዬሃለሁ ካለችኝ ዛሬውኑ በዳዴ እሄዳለሁ። አባትሽ በከዘራ ይምቱኝ፣ መንደሩ ይሳቅብኝ፣ እሄዳለሁ። እሷ ካላለችኝ ግን ምን ብዬ ነው በዚያ ቤት ደጃፍ የማልፈው? ጀቫድን በየቀኑ በእሷ ዓይን እያየሁ አንቺን ማስደሰት አልችልም።»

ሰልቢናዝ እያለቀሰች ሳቀች። «ይሄ ብቻ ነው? ይሄ ብቻ ነው የያዘህ?» ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ያን ማክሰኞ የአባቷን ሳቅ ስትሰማ የነበረውን ሆነ። «ባጂ፣ በይው! ባጂ እኮ ልቧ ቂም አያውቅም። በይው በቃ!»

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጀቫድ የሞተ ዕለት ጠዋት ዳቦና አይብ ይዤላቸው ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄጄ ነበር። ሙርሰል ገመዱን በጣቶቹ እየዳሰሰ «ጀቫድ፣ ይሄ ሳስቷል፤ ዛሬ ይቅርብን፣ ነገ በአዲስ ገመድ እንውረድ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጀቫድ ሳቀበት። «አንተ ደግሞ እንደ አሮጊት ነገር ታበዛለህ፤ ዛሬን ያደርሰናል» አለው። ሰምቻለሁ። ሙርሰል ጥፋት እንደሌለበት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ታዲያ እሱን ይቅር ካልኩ ማንን ልጥላ? የምወደውን ባሌን? ስምንት ወር ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ ያስነሳኝ ያ ጥላቻ ነው። ጥላቻውን ከሰጠኋቸው ለእኔ የሚቀረኝ ባዶ አልጋ ብቻ ነው።

«ባጂ?» አለች እንደገና። ይህኛው «ባጂ» ቀጭን ነበር።

አፌን ከፈትኩ። እሷ ከንፈሬን ታያለች፣ እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ይመሽብናል፣ እንሂድ» አልኩ።

ገና እኩለ ቀን ነበር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ሙርሰል ሲጠብቀው የነበረውን እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሰልቢናዝ ብዙ አየችኝ፤ ማንነቴን የምታውቅ መስሏት ስትኖር ያን ቀን ገና እንደተዋወቅን ዓይነት አየችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ባጂ» ብላኝ አታውቅም። እኔም የልብሷን ጫፍ እንኳ ለመንካት ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ዘመኑ በተለወጠ በአስራ ሁለተኛው ቀን መጡ። በእኛ አገር ሻይ የሚጠጣው ስኳሩን በጥርስ ይዞ ነው፤ ስኳር ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ የሚማሰለው ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ ብቻ ነው። ቋጠሮ አባትን ያስራል፣ ለልጅቷ ግን ይቺን አንድ በር ይተውላታል። ሻዩ ጣፋጭ ከሆነ እሺ ብላለች፤ መራራ ከሆነ እንግዶቹ ጠጥተው፣ ቃል ሳይናገሩ ጫማቸውን አጥልቀው ይሄዳሉ።

ሰልቢናዝ ማድ ቤት ብርጭቆዎቹን በትሪ ደረደረች። ከሳሎን የአማቴ ድምፅ ይሰማል፤ ቃድርን «አንተ ምን ታውቃለህ፣ እኔ በአንተ ዕድሜ…» እያሉ የወይን አገራረዝ ያስተምሩታል፣ ሽማግሌዎቹም ይስቃሉ። ያን ሁሉ ቀን የያዝኩት አፌ ያን ጊዜ ተከፈተ።

«ሰልቢናዝ፣ መራራ አድርጊው። አሁን እሮጣለሁ። ሙርሰልን አውፍ እለዋለሁ፣ አምጥቼ እዚህ አቆመዋለሁ። ታያለሽ፣ እለዋለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይቅር ብለሽው ነው ወይስ ለኔ አዝነሽ?»

ልዋሻት ፈለግሁ። አልቻልኩም።

«ከልብሽ እንዳልሆነ እሱም ይገባዋል» አለች በለሆሳስ። «ዓይንሽን አይቶ ይገባዋል። ደግሞ አባባን ስሚያቸው። ስሚ እስቲ፣ የወይን ነገር እያወሩ ነው። ዛሬ መራራ ባቀርብላቸው ሁለተኛ ልጃቸውን ቀበሩ ማለት ነው። አንድ ሞት ከዚህ ቤት ስንት ሰው ይውሰድ?»

ሻዩን ቀዳች። የስኳሩን ዕቃ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ጨምሪው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«ስንት ማንኪያ?»

«አንቺን እስኪበቃሽ።»

ጨመርኩ። አማሰልኩ፤ ስኳሩ እስኪሟሟ፣ ብርጭቆው ሥር አንድ ፍሬ እስከማይቀር አማሰልኩ። እሷ ፊቷን በሻሿ ጫፍ አበሰች፣ ትሪውን አነሳች፣ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ከዚያ አማቴ ፉት ሲሉ ሰማሁ፤ «ማር ነው! የልጄ ሻይ ማር ነው!» አሉ። ቤቱ በእልልታና በሳቅ ተናጋ። በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋት፤ ትሪውን ይዛ ቆማ እንግዶቹን በፈገግታ እያየች ነበር።

ይቅርታው የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ ሙሉውን መጣ። ጀቫድ የሳቀው በራሱ ሞት እንደነበር አመንኩ፣ ሙርሰልን ይቅር አልኩት፣ እንዲያውም አዘንኩለት። ማድ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኬ «አውፍ ብዬሃለሁ፣ አውፍ ብዬሃለሁ» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ሳሎኑ ውስጥ ይስቁ ስለነበር የሰማኝ የለም።